ፎርዋርድ ፈልጌ ትራይ ሰጠኝ፦ የራግቢ ሊግ ማሳያ አፕ ግምገማ

ይሄን አፕ ሦስት ወር ከፍዬ ተጠቅሜበታለሁ። ቀጥታ ጨዋታም አለው፣ የቆዩ ጨዋታዎች ክምችትም አለው። እኔን ያስገባኝ ክምችቱ ነው። የእንግሊዛዊውን ፎርዋርድ (በጉልበት ግጭት ውስጥ የሚገባው ተጫዋች) የሳም በርጀስን የተጫዋችነት ዘመን ከጥግ እስከ ጥግ ማየት ፈልጌ ነበር።

ስሙን ጽፌ ፈለግኩ። የመጣልኝ በሙሉ ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት በማስነካት የሚገኝ ነጥብ) ያስቆጠረባቸው ቁርጥራጭ ቪዲዮዎች። እስቲ አሁን ፎርዋርድ በትራይ ይለካል? ለማታውቁት፣ ራግቢ ሊግ 13 ለ13 ነው፤ ኳስ የያዘው ቡድን 6 ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ ማስቆም) ድረስ ይጫወትና ኳሱን ያስረክባል። ከራሳቸው ሜዳ ሲነሱ የመጀመሪያዎቹን ሩጫዎች ባብዛኛው የሚሮጡት ፎርዋርዶቹ ናቸው፤ ተደርድሮ የሚጠብቃቸው የሰው ግድግዳ ውስጥ እያወቁ ይገባሉ፣ ሁለት ሦስት ሰው ተረባርቦ ይጥላቸዋል፣ ተነስተው ኳሱን በእግራቸው ወደ ኋላ ያንከባልላሉ፣ ተራው የተጋጣሚ ሲሆን ደግሞ ከእያንዳንዱ ታክል በኋላ 10 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰው እንደገና ለመጋጨት ይወጣሉ። ሃይላይት ውስጥ ይሄ የለም። ዳር ላይ የቆመው ፈጣኑ ልጅ ትራይ ያስቆጥራል፣ ቪዲዮውም የእሱ ይሆናል።

ደግነቱ ሙሉ ጨዋታዎቹ አሉ፣ ሜኑው ውስጥ ተደብቀው። የ2014ቱን (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) የአውስትራሊያ ሊግ ፍጻሜ፣ ሲድኒ ላይ የተደረገውን፣ ከፈትኩ፤ የበርጀስ ክለብ ሳውዝ ሲድኒ ከካንተርበሪ። በርጀስ ገና የመጀመሪያውን ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከጀምስ ግራሃም ጋር በጭንቅላት ተጋጨ፣ ጉንጩ አጥንት ተሰበረ። ግራሃም ደግሞ እንደ እሱው እንግሊዛዊ ነው። አጭሩ ቪዲዮ ላይ ግጭቱ ብልጭ ይልና ወዲያው ዋንጫው ይመጣል፤ 30 ለ6፣ ለሳውዝ ሲድኒ ከ43 ዓመት በኋላ የመጣ ዋንጫ። ሙሉውን ስታዩት ግን እረፍት ላይ ውጤቱ ገና 6 ለ0 ነው፣ ሰውየው ፊቱ አብጦ አሁንም ኳስ ስጡኝ እያለ ነው። የጨዋታው ኮከብ ሜዳሊያ ለምን ለእሱ እንደተሰጠ የገባኝ ያኔ ነው። ለዚህ ብቻ የአንድ ወር ሂሳቤ ሃላል ይሁንላቸው።

የቀረው ነገር ወጣ ገባ ነው። በ2006 የጀመረበት የእንግሊዙ ክለብ የብራድፎርድ ዘመን ለምልክት ያህል ጥቂት ጨዋታ ብቻ አለው። ወደ እንግሊዙ ክለብ ባዝ ሄዶ ራግቢ ዩኒየን (15 ለ15 የሚጫወቱትን ሌላውን ራግቢ) የሞከረበትና በ2015 ለእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ የተጫወተበት ጊዜ ጭራሽ የለም፤ ሌላ ስፖርት ስለሆነ አልፈርድባቸውም። በ2016 ወደ ሳውዝ ሲድኒ ከተመለሰ በኋላ ያለው በደንብ አለ፣ በ2019 ትከሻው አልሆን ብሎት በ30 ዓመቱ እስካቆመበት ድረስ።

አሁን ወደ ንዴቴ። የጨዋታው ውጤት ሽፋን ፎቶው ላይ ተጽፎ ይመጣል! ማነው ይሄን ያሰበው? ቪዲዮ አቋርጣችሁ ስትመለሱም ከዜሮ ይጀምራል፤ 80 ደቂቃ ባንድ ቁጭታ ማየት ግዴታ ነው ማለት ነው። ክፍያ ለማቋረጥ ደግሞ አራት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ይላችኋል።

ለቀጥታ ጨዋታ ብቻ ከሆነ ግቡበት፣ ምስሉ ጥሩ ነው፣ አይቆራረጥም። እንደ እኔ አንድ ተጫዋች ልትከታተሉ ከሆነ ግን ፍለጋውን ተዉትና በዓመት እየገባችሁ ራሳችሁ ቆፍሩ። ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ፣ ውጤቱን ከሽፋኑ ላይ ካነሱ 4 አደርገዋለሁ።