በትንሽ ወጪ፦ ፋሲል ግቢ ወይስ የሰሜን ተራሮች?

ኪስ ሲሳሳ ፋሲል ግቢ ይቀላል። ጎንደር ከተማ መሃል ነው፤ ትኬት ቆርጠው ከገቡ ከአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት እስከ እቴጌ ምንትዋብ ድረስ የነገሥታቱን አሻራ በእግር ያዩታል። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

የሰሜን ተራሮች ፓርክ ወጪው ይደራረባል፦ ከጎንደር እስከ ፓርኩ መግቢያ ከተማ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትራንስፖርት፣ መግቢያ፣ ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርኩ ጠባቂ)፣ ማደሪያ። በቡድን ከሄዱ የስካውቱን ክፍያ ይካፈሉታል፤ ድንኳንና ስንቅ ከያዙ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ወፍራም ልብስ የግድ ነው። ግን የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር ሲነጭ በቅርብ ማየት፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለውን ዋልያ በገደሉ ላይ መፈለግ! ሁለት ቀን ካለኝ ያለማመንታት ተራራውን እመርጣለሁ። የትኛውንም ቢመርጡ፣ ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቁ።