ክሊኖስታት፣ አርፒኤም ወይስ ተሽከርካሪ ማሳደጊያ፦ ለላቦራቶሪዎ የትኛው ይሻላል?

ሕዋስ ወይም ዘር ስበት ሲርቀው ምን እንደሚሆን ለማየት ናሙናውን ጠፈር ድረስ መላክ ለአብዛኛው ተመራማሪ የማይታሰብ ነው። ያለው አማራጭ ምድር ላይ ሆኖ ሁኔታውን የሚያስመስል መሣሪያ መግዛት ነው። በብዛት የሚሸጡት ሦስት ዓይነቶች ናቸው፦ ክሊኖስታት፣ አርፒኤም (ራንደም ፖዚሽኒንግ ማሽን፣ ናሙናውን ያለ ሥርዓት የሚያዞር) እና ተሽከርካሪ ማሳደጊያ። አንዳቸውም ግን ስበትን አያጠፉም፤ ናሙናውን እያዞሩ የስበቱን አቅጣጫ ያምታታሉ እንጂ። ሕዋሱ “ታች” የትኛው እንደሆነ ለይቶ ምላሽ ሳይሰጥ ታች ቦታውን ይቀይርበታል። ስለዚህ የሻጭ ማስታወቂያ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የማይክሮግራቪቲ (እጅግ አነስተኛ ስበት) ቁጥር ብዙም አያሳስበኝም። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ናሙናው ዕቃው ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው ወይስ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ የሚለውን ነው።

ክሊኖስታት የሦስቱም ታላቅ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ዩሊየስ ፎን ሳክስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጠቀምበት የነበረው መሣሪያ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም፤ በአግድም የተኛ አንድ ዘንግና የሚያዞረው ሞተር ነው። ዋጋውም አሠራሩም ቀላል ነው። ለዕፅዋት ጥናት ከዚህ በላይ መክፈል ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የተክል ሥር ታችን የሚያውቀው ጫፉ ላይ ባሉ ሕዋሳት ውስጥ ያሉ የስታርች ቅንጣቶች ሲዘቅጡ ነው። ችግኙ በደቂቃ አንድ ወይም ሁለት ዙር ቢዞር ቅንጣቶቹ አንድ ወገን ላይ አይረጉም፤ ሥሩም ወዴት እንደሚታጠፍ ይጠፋበታል።

ጣጣው የሚመጣው ፍጥነቱ ሲጨምር ነው። መዞር ራሱ ወደ ውጭ የሚገፋ ኃይል ይፈጥራል። በደቂቃ 2 ዙር የሚዞርና ከዘንጉ 10 ሴንቲሜትር የራቀ ችግኝ የሚደርስበት ግፊት ከምድር ስበት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። እዚያው ቦታ ላይ በደቂቃ 60 ዙር ቢዞር ግን ግፊቱ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ ይህ ከማርስ ስበት ይበልጣል! በዚያ ፍጥነት ግፊቱን ከመቶ አንድ እጅ በታች ማቆየት የሚቻለው ናሙናው ከዘንጉ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ሳይርቅ ሲቀር ነው። ለሕዋሳት የሚሠሩት ፈጣን ክሊኖስታቶች ቀጭን ቱቦ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው። ሰፊ ዕቃ በፍጥነት የሚያዞር ክሊኖስታት የሚያቀርብልዎ ሻጭ ካለ፣ የሚሸጥልዎ ሴንትሪፉጅ (በፍጥነት እያዞረ ናሙናውን ወደ ውጭ የሚገፋ መሣሪያ) ነው ማለት ይቻላል።

አርፒኤም አንዱ በሌላው ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ክፈፎች አሉት። ኮምፒዩተር ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን ያለ ሥርዓት ይቀያይራል። የስበቱ አቅጣጫ በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጥ በጊዜ ሂደት ሲደመር ወደ ዜሮ ይጠጋል። ጥንካሬው ዕቃ ላይ ተጣብቀው የሚያድጉ የሰውና የእንስሳት ሕዋሳት ላይ ነው። የታይሮይድ ካንሰር ሕዋሳት በዚህ መሣሪያ ላይ ሲቆዩ ከፊሎቹ ከወለሉ ተላቀው ድቡልቡል ክምችት ይሠራሉ፤ ጠፈር ተልከው ያደጉትም እንዲሁ አድርገዋል። ለስበት በሰከንዶች ውስጥ ምላሽ ለሚሰጥ ናሙና ግን አይሆንም፤ አማካዩ ዜሮ እስኪጠጋ ናሙናው ምላሹን ጨርሷል። ዋናተኛ ነጠላ ሕዋሶችን፣ ለምሳሌ ዩግሊናን፣ የሚያጠና ወደ ፈጣኑ ክሊኖስታት ይመለስ።

አርፒኤም ሲገዙ የሚረሱ ነገሮች አሉ። ክፈፉ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ፈሳሹ ዕቃው ውስጥ ይላወሳል፤ በመሆኑም ያዩት ለውጥ ከስበት ይምጣ ከፈሳሹ ፍትጊያ መለየት ይቸግራል። ዕቃው አንድም የአየር አረፋ ሳይቀር እስከ አፉ መሞላት አለበት። መሣሪያው ኢንኩቤተር (ሕዋስ የሚያድግበት ሙቀቱ የተጠበቀ ሣጥን) ውስጥ ስለሚገባ ሞተሩ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያወጣና እርጥበት መቻሉን ይጠይቁ፤ ኢንኩቤተርዎንም አስቀድመው ይለኩ። ክፈፉ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ብዙ ናሙና መደርደር ብልሃት አይደለም፤ ከመሃል የራቀው ናሙና የሚያገኘው ሁኔታ ሌላ ነው።

ተሽከርካሪ ማሳደጊያው በናሳ የጆንሰን የጠፈር ማዕከል የተሠራ ነው። በፈሳሽ ጢም ብሎ የተሞላ ሲሊንደር በአግድም ይዞራል፤ ፈሳሹም አብሮ ይዞራል። ሕዋሳቱ ሳያቋርጡ ይወድቃሉ፣ ግን ታች አይደርሱም። ኦክስጅን የሚገባው አየር በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በኩል ነው። ፍትጊያው አነስተኛ በመሆኑ ለተንሳፋፊ ሕዋሳት፣ ለባክቴሪያና ቲሹ ለሚመስሉ ክምችቶች ተወዳዳሪ የለውም። በዚህ ዕቃ ያደገ ሳልሞኔላ አይጦች ላይ ይበልጥ ገዳይ ሆኖ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአትላንቲስ መንኮራኩር ጠፈር ላይ ያደገውም ይህንኑ አሳይቷል። ተጣባቂ ሕዋስ ካለዎ ግን በጥቃቅን ዶቃዎች ላይ ማሳደግ ግድ ነው። ክምችቱ ባደገ መጠንም ፍጥነቱን በእጅ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ትቶት የሚኬድ መሣሪያ አይደለም።

እንቁራሪት በማግኔት ስለማንሳፈፍ የሰሙ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔዘርላንድስ ውስጥ ሲደረግ 16 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ) ገደማ የሆነ ማግኔት ጠይቋል፤ ማግኔቱ ራሱ ናሙናው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖም ሌላ ጣጣ ነው። የአይጥን አጥንትና ጡንቻ ለሚያጠና ደግሞ ከነዚህ የትኛውም አይረባም፤ የሚሠራበት ዘዴ የኋላ እግሮቹ መሬት እንዳይነኩ ጅራቱን ማንጠልጠል ነው።

የትኛውንም ቢመርጡ ዋጋውን ሲያሰሉ ማነጻጸሪያውን፣ ማለትም የስበቱ አቅጣጫ ሳይምታታበት የሚያድገውን ናሙና፣ አብረው ያስቡ። ጠረጴዛ ላይ የቆመ ናሙና ብቻውን አይበቃም። ለአርፒኤም ማነጻጸሪያው በዚያው ኢንኩቤተር፣ የሚቻል ከሆነም በመሣሪያው መቆሚያ ላይ ይቀመጥ፤ ንዝረቱና ሙቀቱ ለሁለቱም አንድ እንዲሆን። ለተሽከርካሪ ማሳደጊያ ማነጻጸሪያው ያው ዕቃ ሆኖ ዘንጉ ወደ ላይ ቆሞ ሲዞር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መሄድ ስላለባቸው ሁለት ማዞሪያና ሁለት ዕቃ ይግዙ።