ለምድር ቤት ወለል የትኛው ይሻላል፦ ቪኒል፣ ላሚኔት፣ ሴራሚክ ወይስ ሞኬት?

“ውሃ አያስገባም” የሚል ጽሑፍ የሌለበት የወለል ካርቶን ማግኘት እየከበደ ነው። ችግሩ፣ ጽሑፉ የሚያወራው ከላይ ስለሚደፋ ውሃ ነው። የምድር ቤት ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ከታች ነው የሚመጣው። ኮንክሪት ሲያዩት ደረቅ ቢመስልም ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ከስሩ ያለው አፈር እርጥበት በእንፋሎት መልክ እያለፈበት ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እኔ የምጀምረው ከአንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃ ከስሩ ቢገባ፣ ይህ ወለል ተነስቶ፣ ደርቆ፣ መልሶ ይነጠፋል?

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሳይቃጠል በቅጠል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ኮንክሪቱ ላይ አንጥፉ። አራቱንም ጠርዝ በሰፊ ፕላስተር አሽጉና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ስትገልጡት ላስቲኩ ከስሩ ላብ ካወጣ፣ ወይም ኮንክሪቱ ከዙሪያው ጠቆር ካለ፣ እርጥበት እየወጣ ነው። ግድግዳው ግርጌ ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ካያችሁም ነገሩ ያው ነው። በደረቅ ወቅት ንጹሕ የሆነ ወለል በዝናብ ጊዜ ሊያልብ ስለሚችል፣ ከተቻለ ምርመራውን በዝናብ ወቅት ድገሙት። ውሃው በስንጥቅ የሚገባ ከሆነማ ስለ ንጣፍ ማውራቱም ይቆይ፤ መጀመሪያ መግቢያው ይደፈን፣ የውጭው ፍሳሽ ይስተካከል።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ተፎካካሪዎች። ቪኒልና ላሚኔት መደርደሪያ ላይ መንታ ናቸው። ሁለቱም የእንጨት መልክ አላቸው፤ ሁለቱም እየተቆላለፉ ይገጠማሉ። አንዱን ጣውላ አንሱና ጠርዙን እዩት። የላሚኔቱ ሆድ ቡናማ ነው፤ የታመቀ የእንጨት ብናኝ፣ ለቁም ሳጥን የሚውለው የኤምዲኤፍ ጣውላ ዘመድ። ኤስፒሲ የሚባለው ጠንካራ ቪኒል ደግሞ ውስጡ ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው፤ የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ ነው። ውሃ በላሚኔቱ መገጣጠሚያ ከገባ ጠርዙ ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። መዳፋችሁን ብታሳርፉበት ከፍ ያለው መስመር ይሰማችኋል። ከዚያ በኋላ መፍትሔው መቀየር ብቻ ነው።

ቪኒሉ ራሱ አይነካም፤ ከስሩ የገባ ውሃ ግን መውጫ አያገኝም። ታፍኖ ይቀመጥና ሽታ ያመጣል፣ ቀጥሎ ሻጋታ። ደግነቱ በኮላ ካልተለጠፈ ይነሳል። ዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ያለው ክፈፍ) ይነቀላል፣ ጣውላዎቹ ከጀርባቸው በጠመኔ ቁጥር እየተጻፈባቸው ይነሳሉ፣ ወለሉ ከደረቀ በኋላ በየቦታቸው ይመለሳሉ። ምድር ቤት ላይ ቪኒልን የማስቀድመው በዚህ ነው።

ሻጮች ስለ ቪኒል ሲያወሩ አጠቃላይ ውፍረቱን ይጠሩላችኋል። እናንተ ከላይ ያለውን መከላከያ ሽፋን ጠይቁ። ለመኝታ ክፍል 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ልጆች የሚሯሯጡበት ወይም ውሻ ያለበት ከሆነ 0.5 ይሻላል። ሊሾው (የኮንክሪቱ የላይ ልስን) ወጣ ገባ ከሆነ ደግሞ መቆለፊያዎቹ ይሰበራሉ። ብዙ አምራቾች በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት አይፈቅዱም።

ሴራሚክ ለጥያቄዬ ሌላ መልስ አለው፦ መነሳት አያስፈልገውም። በተለይ ፖርስሊን የሚባለው ዓይነት ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ኮንክሪቱ ላይ በሲሚንቶ ማጣበቂያ ስለሚለጠፍ ከስሩ የሚበሰብስ ነገር የለም። ጎርፍ ቢገባ እንኳ ይጸዳል፣ ፉጋው (በሴራሚኮቹ መሃል ያለው መሙያ) ይታጠባል፣ አበቃ። ጣጣው ቅዝቃዜው ነው። የምድር ቤት ኮንክሪት የአፈሩን ሙቀት ይዞ ስለሚኖር፣ በባዶ እግር ጠዋት ላይ የሚረግጠው ሰው ያውቀዋል። ከስሩ ማሞቂያ መዘርጋት ይቻላል፤ ወጪው ግን ሌላ ነው። ሌላው፣ ኮንክሪቱ ስንጥቅ ካለው ስንጥቁ ወደ ሴራሚኩ ይወጣል፤ መሃል ላይ ስንጥቁ እንዳያልፍ ሁለቱን የሚለይ ስስ ንጣፍ ይፈልጋል።

ሞኬት ይሞቃል፣ ድምፅ ይውጣል። ከረጠበ ግን ሻጋታ ለመጀመር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይበቃዋል። ሞኬት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ካላችሁ፣ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የሚሸጠውን ግዙ፤ የተበላሸው ብቻ ይነሳል። ለእኔ ግን ሴራሚክ ላይ ተጠቅልሎ የሚነሳ ምንጣፍ ጣል ማድረግ ይበልጣል።

ወጥ የእንጨት ፓርኬ? ምድር ቤት ላይ ተዉት። ኮንክሪቱ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክረው ኢፖክሲ ቀለም ከፍታ ስለማይወስድ ጣሪያው ዝቅ ላለ ቤት፣ ለዕቃ ማስቀመጫና ለሥራ ክፍል ጥሩ ነው። ሊሾው ግን በደንብ መፈግፈግ አለበት፤ እርጥበት ካለው ደግሞ እየተነፋ ይላጣል።

አንድ ማሳሰቢያ። ቤቱ የቆየ ከሆነና ወለሉ ላይ 23 በ23 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አሮጌ ንጣፎች ካሉ፣ አትስበሯቸው፣ አትፈግፍጓቸው። ንጣፉ ወይም ጥቁሩ ማጣበቂያው አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖርበት ይችላል። በላቦራቶሪ ይመርመር።

በምርመራው ላስቲኩ ካላበው ሴራሚክ፣ ደረቅ ከሆነ ኤስፒሲ ቪኒል እላለሁ። ላሚኔት የምፈቅደው ደረቅ ለሆነ ክፍል፣ በጀቱም ለጠበበ ሰው ብቻ ነው። የትኛውንም ስትገዙ አንድ ሁለት ካርቶን ጨምሩ። ያ ዲዛይን ከጥቂት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ላይኖር ይችላል፤ ትርፉን ግን እዚያው ምድር ቤት መሬት ላይ አታስቀምጡት።