የፒያሳው የጣሊያን ማድቤት አሁን አያት ላይ

ለእረፍት አገር ቤት የገባ ሰው «የጣሊያን ምግብ የት ልብላ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የከተማው ነባር ሰዎች ዛሬም የሚያነሱለት የፒያሳውን ምግብ ቤት ካስቴሊን ነው። አይፈረድባቸውም። በ1933 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘው ስለነበር፣ ሙያ ያላቸው ብዙ ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ፣ ዳቦ ቤትና ምግብ ቤት ከፈቱ። ፍራንቼስኮ ካስቴሊም ፒያሳ ላይ በስሙ የሚጠራውን ምግብ ቤት አቋቋመ፤ ቤቱ ከልጆቹ እጅ ገብቶም በፓስታው ስሙ ሳይጠፋ ቆየ። በእነዚህ ቤቶች የሠሩ ኢትዮጵያውያን ወጥ ቤቶች ሙያውን በእጅ ተቀብለው ለሌላው አስተላልፈዋል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ትልቅ ክፍል ስለፈረሰ፣ የዚያን ማድቤት ጣዕም የሚፈልግ ሰው አሁን ወደ ከተማው ጫፍ ቢወጣ ይሻለዋል።

በዚህ ጉዞ የተመገብኩበት የጣሊያን ምግብ ቤት ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ፓስታው በጣም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም ወጥ ቤቱ ውሃውን ያውቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓኬቱ ላይ «9 ደቂቃ» የተባለው ደረቅ ፓስታ እዚህ 11 ወይም 12 ደቂቃ ይፈልጋል። ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው ይበቃል። ውሃው ካነሰ ፓስታው የለቀቀው ስታርች ይወፍርና እርስ በርሱ ይጣበቃል። ብዙ ቤት ግን ጠዋት ቀቅሎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶበት ያስቀምጥና ሲታዘዝ ስጎ ውስጥ ያሞቀዋል። እንዲህ የተሠራ ፓስታ ላዩ ይላቁጣል፣ ስጎውንም አይዝም። ስለዚህ ስታዙ «አሁን ይቀቀልልኝ» በሉና 20 ደቂቃ ጠብቁ። 5 ደቂቃ ሳይሞላ ከቀረበላችሁ የጠዋቱ ነው።

እዚያው የሚዳመጠው የእንቁላል ፓስታም መልካም ነው። ለግማሽ ኪሎ ዱቄት የፈረንጅ እንቁላል ከሆነ 5፣ የሀበሻ ከሆነ ትንሽ ስለሆነ 7 ያስፈልጋል። ሊጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተሸፍኖ ካላረፈ ሲዳመጥ ይሰበሰባል፣ ዳር ዳሩም ይቀደዳል። የሥጋው ስጎ በዝግታ እሳት ሦስት ሰዓት ያህል ይንተከተካል። የበሬ ሥጋችን ጠንካራ ስለሆነ ከዚያ ባነሰ ጊዜ አይላላም።

ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ «የጾም ፓስታ» ሲባል ስጎው ብቻ ሳይሆን ፓስታውም መጠየቅ አለበት። የፋብሪካው ደረቅ ፓስታ ዱቄትና ውሃ ስለሆነ ለጾም ይሆናል፤ በእጅ የተዳመጠው ግን እንቁላል አለበት። አስተናጋጆቹ ይህን ሳይጠየቁ አይናገሩም፤ ቢናገሩ ጥሩ ነበር።

ሂሳብ ላይ ቅር ያሰኘኝ ነገር አለ። ምናሌው ላይ ያለው ዋጋ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተጨመረበትም፤ የሚጻፈውም ከታች በደቃቅ ፊደል ነው። 600 ብር የተባለ ሳህን 10 በመቶ ሲጨመርበት 660፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲታከል 759 ብር ይሆናል። ደረሰኙ ከፊስካል ማሽን (ታክሱን ከሚመዘግበው የሽያጭ ማሽን) የወጣ መሆኑን እዩ። መብራት ሲጠፋ የካርድ ማሽኑ ስለሚቆም ጥሬ ብርም ያዙ።

ለመሄድ ከስታዲየም በቀላል ባቡር አያት ድረስ መድረስ ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ጠዋትና ማታ ግን መቆሚያም አይገኝም። በስልክ የሚጠራው ታክሲ ይሻላል። ሾፌሩ ደውሎ «የት ነህ?» ሳይሆን «የት ነው የምትሄደው? ስንት ትጨምራለህ?» ካለ ሰርዙትና ሌላ ታክሲ ፈልጉ።

ላዛኛ ለምትፈልጉ፦ በየቀኑ አይሠራም። ለእሁድ ምሳ ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ደውላችሁ የሰው ቁጥር ንገሯቸው።