የመሪዬን መንቀጥቀጥ ምክንያት ያገኘው የሳሪሱ ጋራዥ

ከሦስት ወር በፊት ቶዮታ ያሪስ ገዛሁ። የ2007 ሞዴል፣ 1.3፣ አውቶማቲክ። ሊብሬው ንጹሕ፣ ቦሎው የታደሰ፣ ቀለሙ ያልተነካ። ከመግዛቴ በፊት ከቦሌ እስከ መገናኛ ነድቼ ሞከርኩት፣ ምንም አልተሰማኝም። ከተማ ውስጥ ከ60 በላይ የት ይነዳል?

በሳምንቱ እናቴን ይዤ ወደ አዳማ ወጣሁ። ቱሉ ዲምቱን አልፌ ፈጣን መንገዱ ላይ 80 ስገባ መሪው እጄ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። 90 ላይ ባሰበት። የውሃው ላስቲክ መያዣው ላይ እንዳለ ውሃው ይርገበገባል፣ የቁልፉ ማንጠልጠያ ይንጫጫል። 110 ስደርስ ደግሞ ቀነስ ይላል። እናቴ የበሩን እጀታ ጨብጣ "ልጄ፣ ቀስ በይ፣ ይሄ ነገር ደህና አይደለም" አለችኝ። አዳማ እስክንደርስ ከ70 አላለፍኩም። ያለኝን ጥሪት ሁሉ ያወጣሁበት መኪና ነው፣ ያን ቀን ሆዴ ተላወሰ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ኮምፒውተር ሰካ። ምንም ኮድ የለም። ከዚያ መኪናውን ሳይነዳው የሞተር ሳፖርት፣ ማለትም ሞተሩን የሚሸከመው ላስቲክ፣ ነው አለኝ። 9 ሺህ ብር ከፍዬ ሁለት ሳፖርት ቀየርኩ፣ መንቀጥቀጡ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ጎማ ቤት ነበር። አራቱንም ጎማ ባላንስ ሠሩልኝ፣ ማለትም ክብደቱ በዙሪያው እኩል እንዲሆን አስተካከሉት፣ ማሽኑ ዜሮ ማሳየቱን በዓይኔ አየሁ። ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ እንጂ 90 ላይ ያው ነው። እዚያ የነበረ ልጅ "አሮጌ መኪና እንደዚህ ነው፣ ትለምጂዋለሽ" አለኝ። መሪ ሲንቀጠቀጥ አይለመድም!

የሥራ ባልደረባዬ ናቸው ወደ ሳሪስ የላኩኝ። ጋራዡ ትንሽ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከአራት መኪና በላይ አይዝም። ባለቤቱ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ጥሩ ባለሙያ መሆናቸውን ያወቅኩት ገና መፍቻ ሳያነሱ ነው። ኮፈኑን እንኳ አልከፈቱም። መጠየቅ ጀመሩ።

"ቆመሽ ሞተሩ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል?" የለም አልኳቸው። "ፍሬን ስትይዢ ብቻ ነው ወይስ ሳትይዢም?" ሳልይዝም። "ነዳጅ ስትረግጪ ይብሳል? ስትለቂ ይተዋል?" ለውጥ የለውም። "መሪው ላይ ነው ወይስ መቀመጫሽ ላይ የሚሰማሽ?" መሪው ላይ። "ከርቭ ስትይዢ የሚያጓራ ድምፅ አለ?" የለም።

እያንዳንዱን ለምን እንደጠየቁኝ ነገሩኝ፣ ይሄን ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተሩ ወይም ሳፖርቱ ነው የሚጠረጠረው። ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ። ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ሰሚያሱ፣ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ። ከርቭ ላይ ድምፁ የሚቀያየር ከሆነ ኩሽኔታው፣ ጎማው የሚዞርበት ተሸካሚ። መሪው ላይ የሚሰማ ብዙ ጊዜ ከፊት፣ መቀመጫ ላይ የሚሰማ ከኋላ ነው። የእኔ በፍጥነት ብቻ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ "ከሚዞር ነገር ነው፣ የሚዞረው ደግሞ ጎማ ነው" አሉ። 90 ላይ የያሪስ ጎማ በሰከንድ ወደ 14 ጊዜ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ከዚያ እጅግ በፈጠነ ነው የሚዞረው። መሪዬ ላይ የሚሰማው ምት የጎማው ነው።

በግምት ግን አልቆሙም። "ነይ እንውጣ" አሉኝና ራሳቸው እየነዱ ዱከም መውጫ ድረስ ሄድን። የመንገዱን ሂሳብ እኔ ከፈልኩ። ቀጥ ባለ፣ ባዶ ቦታ ላይ 90 ገብተው ማርሹን ለጥቂት ሰከንድ ወደ ኤን፣ ማለትም ሞተሩ ጎማውን ወደማይነዳበት ቦታ፣ አደረጉት። የሞተሩ ድምፅ ወረደ፣ መንቀጥቀጡ አልወረደም። "አየሽ? ሞተርሽን ተይው፣ ንጹሕ ነው።" ያኔ የ9 ሺህ ብሩ ነገር ቆጨኝ።

ግቢው ተመልሰን የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አደረጉ። እንደገና ወጣን። መሪው ላይ ቀለል አለ፣ መቀመጫዬ ግን መርገብገብ ጀመረ። በሽታው ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ክሪክና መፍቻ ብቻ ነው፣ ሁለት ቦታ ስዞር ግን ማንም አላሰበውም።

ባላንሱ ዜሮ የሆነ ጎማ እንዴት ይንቀጠቀጣል? ጋሼ አንድ ካቻቪቴ ማቆሚያው ላይ አስረው ጫፉን ወደ ጎማው አስጠጉ፣ በመሃሉ ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ ቀረ። ከዚያ ጎማውን በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። ክፍተቱ ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ይሰፋል፣ ይጠባል። እኔም አጎንብሼ አየሁት። ጎማው ክብ ሆኖ ሳለ የሚዞረው መሃሉን ስቶ ነው።

ጎማውን ፈትተው ቸርኬውን፣ ላስቲኩ የሚገጠምበትን ብረት፣ ገለበጡልኝ። የድሮው ባለቤት መኪናው እንዲያምር ብሎ ባለ 15 ኢንች ኤሎይ አስገብቶበታል። የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ በመለኪያ 73.1 ሚሊሜትር ወጣ። የያሪሱ ሀብ፣ ማለትም ቀዳዳው የሚገባበት ጉብታ፣ 54.1 ነው። በዙሪያው 9 ሚሊሜትር ተኩል ባዶ ቦታ አለ ማለት ነው። ጋሼ ትንሽ ጣታቸውን በዚያ ክፍተት ከተው አሳዩኝ። በመሃል ገብቶ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት መኖር ነበረበት፣ የለም። ቸርኬው የተንጠለጠለው በአራት ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶዎቹ ሾጣጣ ስለሆኑ በመጠኑ ወደ መሃል ይስቡታል፣ ግን መኪናው መሬት ላይ አርፎ ባንድ በኩል ቀድሞ ከጠበቀ ወደዚያው ያጋድላል። የባላንስ ማሽኑ ደግሞ ቸርኬውን የሚይዘው በራሱ ኮን መሃሉን ጠብቆ ነው። ማሽኑ ላይ ትክክል፣ መኪናው ላይ ስህተት የሆነው ለዚህ ነው። ጎማ ቤቱ አልዋሸኝም፣ ማሽኑ የሚያየው እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።

ቀለበቱን ሶማሌ ተራ ፈለግኩ፣ በልኩ አጣሁ። ጋሼ ብረት በልክ ቀርጾ ወደሚሠራ የሚያውቁት ቶርኖ ቤት ደወሉ፣ በማግስቱ አራት የአሉሚኒየም ቀለበት ተሠራልኝ። ሲገጥሙት ቸርኬው ሀቡ ላይ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ። ዳዶውን መኪናው ከፍ ብሎ እንዳለ በመስቀል፣ ትንሽ ትንሽ እያደረጉ አጠበቁ፣ የመጨረሻውን መሬት ላይ አውርደው በሚለካ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር ላይ ጨረሱ። ካቻቪቴውን መልሰው አስጠጉት። ክፍተቱ አልተነቃነቀም።

ሂሳብ፦ ለምርመራው 1,500፣ ለቶርኖ 2,400። ከሳፖርቱ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ቅሬታ አለኝ፣ እሱንም ልናገር። መቀመጫ የለም፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ቆሜ ዋልኩ። በቀጠሮ ነው የሚሠሩት ግን ቀጠሮውን የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ተራዬን ሌላ ሰው ሊወስደው ነበር። ቸኩሎ የሚሄድ ሰው ይቸገራል።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ እንደገና አዳማ ሄድኩ። 80፣ 90፣ 100። መሪውን በሁለት ጣት ያዝኩት። እናቴ ሞጆ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። የቀኝ የኋላ ጎማዬ ጎን ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች 1814 ናቸው፣ በፈረንጆቹ የ2014 18ኛ ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ አላለቀም፣ ላስቲኩ ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ "ክረምት ሳይገባ ቀይሪው" ብለውኛል፣ ደመወዝ ሲደርስ እቀይራለሁ። ጋራዡን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ነው እዚህ ያልጻፍኩት። ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋት ይሻላል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው።