ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ልጆቼን ላስተማሩ መምህራን ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ሦስት ልጆቼ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ በሚገኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ታናሺቱ አንደኛ ክፍል፣ መካከለኛው አራተኛ ክፍል፣ ታላቂቱ ስድስተኛ ክፍል በመሆናቸው የትምህርት ቤቱን የታችኛውን፣ የመካከሉንና የላይኛውን ክፍል ሥራ በአንድ ጊዜ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመምህራኑ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብና ለመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ለሚፈልጉ ወላጆች ያየሁትን ለመናገር ነው። መምህራኑ ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈለጉ የማንንም ስም አልጠቅስም። ትምህርት ቤቱን ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ ግን በደስታ አመለክተዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ መናገር የምፈልገው በዚህ ትምህርት ቤት የአንዱ ክፍል መምህር የሌላውን ክፍል ሥራ የሚያውቅ መሆኑን ነው። በብዙ ቦታ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፍ ይዞት የሚሄደው ካርዱን ብቻ ነው። አዲሱ መምህር በአማርኛና በሒሳብ ያመጣውን ውጤት ያያል እንጂ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ የትኛው ፊደል ላይ እንደሚደናቀፍ ወይም ስሌቱ የትኛው እርምጃ ላይ እንደሚበላሽ ለማወቅ ወራት ይፈጅበታል። እዚህ ግን የክፍሉ መምህር በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አጭር ማስታወሻ በደብተር ይጽፋል፤ ትምህርት ሊጀመር ሲል አስረካቢውና ተረካቢው መምህር አብረው ተቀምጠው ደብተሩን ያነባሉ። ስለ መካከለኛው ልጄ ከሦስተኛ ክፍል የተላለፈው ማስታወሻ፣ ከአስር ቤት ወይም ከመቶ ቤት መበደር በሚያስፈልግበት ቅነሳ ላይ እንደሚሳሳትና ችግሩ የቸልተኝነት ሳይሆን የቁጥር ቤቶችን በደንብ ያለመረዳት እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። የአራተኛ ክፍል መምህሩ መስከረም ላይ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያው ነጥብ ነው።

ለታናሺቱ መምህርት ያለኝ ምስጋና ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለ አንደኛ ክፍል ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍም አንባቢ ይታገሠኝ። 33ቱ የፊደል ዘሮች እያንዳንዳቸው ሰባት ቅርጽ ስላላቸው አንድ ሕፃን 231 ቅርጾችን ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። ብዙ ልጆች ይህን ሁሉ በዜማ ይወጡታል፤ ከሀ እስከ ፐ ሳይሳሳቱ በቃላቸው ይወርዱታል። ከገበታው መካከል አንድ ፊደል በጣት ሲጠቆምላቸው ግን ለማወቅ ከመጀመሪያው ጀምረው መቁጠር አለባቸው። መምህርቷ ይህን ስለሚያውቁ ዜማውን ሳይተዉ ሌላ መንገድ ጨምረውበታል። ካዕብ በአብዛኛው በፊደሉ ወገብ በስተ ቀኝ በምትወጣ ጭረት እንደሚታወቅ፣ ሣልስ ጭረቱ ወደ እግሩ እንደሚወርድ፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት እንደሚያበጅ ልጆቹ ራሳቸው ፊደሎቹን ጎን ለጎን እያዩ እንዲያገኙት ያደርጋሉ። እንደ ረ እና ፈ ያሉትን ከዚህ ሥርዓት ወጣ የሚሉትን፣ እንዲሁም ቋሚ ምልክት የሌለውን ሳድስን ለብቻቸው ቀስ ብለው ያስተምሯቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በመሳሰሉት ሞክሼ ፊደላት የቃላት አጻጻፍም በዚህ ዕድሜ ልጆቹን አያስጨንቋቸውም፤ ልጁ በንባብ ከጠና በኋላ በላይኛው ክፍል ይመለሱበታል። ይህ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ለገና በዓል በተዘጋ ጊዜ የማታውቃቸውን የሱቅ ማስታወቂያዎች በመንገድ ላይ እያነበበች ስትሄድ በዐይኔ አይቻለሁ።

በአገራችን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሳይወድቅ የሚያልፍበት አሠራር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። የአሠራሩ ዓላማ ሕፃናት ገና በጠዋቱ ተስፋ እንዳይቆርጡ መሆኑ ቢገባኝም፣ ማንበብ ሳይችል አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሳይንሱንም የሒሳቡንም መጽሐፍ ማንበብ ስለማይችል ችግሩ በአንድ ትምህርት አይወሰንም። በዚህ ትምህርት ቤት ልጆቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ቢያልፉም ንባባቸው ዝም ተብሎ አይታለፍም። በየሳምንቱ እያንዳንዱ ልጅ ለመምህሩ ለብቻው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ወደ ኋላ የቀሩት ከሰዓት በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣቸዋል። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ ተጠይቄ አላውቅም።

ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን በመሆኑ አንዳንድ ወላጆች መደበኛው ትምህርት ይጎዳል ብለው ሲሠጉ ሰምቻለሁ። እንደ ማንኛውም ትምህርት ቤት የክልሉን ሥርዓተ ትምህርት ተከትለው አማርኛውን፣ እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡንና አካባቢ ሳይንሱን በየክፍለ ጊዜው ያስተምራሉ፤ መንፈሳዊው ትምህርት የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ጸሎት ይደረጋል፣ ከዚያ ወደ ክፍል ይገባል። በመንፈሳዊው ክፍለ ጊዜ መሪጌታው ልጆቹን እንደ ጥንቱ የንባብ ቤት ሥርዓት ከፊደልና ከአቡጊዳ ቀጥሎ የዮሐንስን መልእክት፣ ጠና ሲሉም ዳዊትን በግዕዝ ያስነብቧቸዋል። ይህ ንባብ ለአማርኛውም እንደሚረዳ ከልጆቼ አይቻለሁ፤ የት እንደሚጠብቅና የት እንደሚላላ፣ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ተጠንቅቆ ማንበብን የለመደ ልጅ የአማርኛውን ምንባብም በጥንቃቄ ያነባል።

ከቆሎ ትምህርት ቤት የወሰዱት ሌላም መልካም ልማድ አላቸው። በዚያ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ አዲሱን እንደሚያስቀጽል፣ ማለትም እያስነበበ እንደሚያስጠና ሁሉ እዚህም ዐርብ ከሰዓት በኋላ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነባሉ። ታላቂቱ ልጄ ለምታስነብባት ሕፃን በትዕግሥት ስታስረዳ ካየሁ በኋላ ቤት ውስጥ ለእኅትና ለወንድሟ ያላት አነጋገር ለምን እንደተለወጠ ገብቶኛል።

ስለ አራተኛ ክፍል ብዙ አልልም፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የቅነሳ ችግር ኅዳር ሳይወጣ መፈታቱን መናገር ይበቃል። መምህሩ ባቄላ በአስር በአስር በከረጢት አሳስረው፣ መበደር ሲያስፈልግ ልጁ በእጁ አንዱን ከረጢት ፈትቶ እንዲቆጥር አድርገውታል። የቤት ሥራው ግን በዚህ ክፍል ትንሽ የበዛ ይመስለኛል፤ ይህንንም በወላጆች ስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ።

ስድስተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጠብቃቸው በመሆኑ የሳይንስ ትምህርት የጥያቄና መልስ ሽምደዳ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። መምህሩ ግን ትምህርቱን ያስጀመሩት ከጣና ነው። ልጆቹ ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወደ ሐይቁ እንደሚገቡ፣ ዓባይ ደግሞ ከከተማችን አጠገብ ከሐይቁ እንደሚወጣ በካርታ ላይ ካዩ በኋላ፣ ዝናብ ከደጋው አፈር ይዞ ሲወርድ አፈሩ የት እንደሚያርፍ እንዲያስቡ ተጠየቁ። ከዚያ ወደ ዳርቻው ወርደው እምቦጭን አዩ። ይህ አረም በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ዓሣ አስጋሪውንም ገበሬውንም እንዳስቸገረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ለምን እንደሚያስቸግር ግን ከእኛ ከአዋቂዎቹ የሚያስረዳው ጥቂቱ ነው። ልጆቹ በሁለት ሳህን እኩል ውኃ አድርገው አንዱ ላይ እምቦጭ አኖሩ፤ በየቀኑ በማስመሪያ እየለኩ መዘገቡ፤ አረሙ ያለበት ውኃ ከሌላው ፈጥኖ ሲጎድል ምክንያቱን ራሳቸው ጻፉ። የውኃውን ፊት ሲሸፍነው ብርሃን እንዴት እንደሚከለክልና ከታች ያለው አየር ለዓሣው እንዴት እንደሚያንስም ከዚህ ተነሥተው ተማሩ። ሙከራው ሲያልቅ መምህሩ አረሙን ውኃ በማይደርስበት ቦታ አስጥተው አስደረቁት፤ ቁርጥራጩ ውኃ ካገኘ እንደገና ሊበቅል ስለሚችል ይህን ጥንቃቄ በጣም አደንቃለሁ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ሲመዘገብ ታላቂቱ ልጄ ገና አልተወለደችም ነበር፤ ዛሬ ስለ ሐይቁ ከእኔ የተሻለ የምታስረዳው እርሷ ናት።

ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር ምክንያት በክልላችን ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል፤ ዛሬም ያልተመለሱ አሉ። በዚያ አስጨናቂ ጊዜ ትምህርት ሲቋረጥ መምህራኑ በየክፍሉ የመልመጃ ወረቀት አዘጋጅተው በየሰፈሩ ባሉ ወላጆች በኩል ያደርሱ ነበር፤ ትምህርት ሲቀጥልም ወረቀቶቹን ሰብስበው እያንዳንዱን አርመዋል። ያን ጊዜ ደመወዛቸውም ኑሯቸውም እንደ እኛው በሥጋት ላይ እንደነበር ስለማውቅ ይህን ውለታ ምንጊዜም አልረሳውም።

ጉድለት የለም አልልም። ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው፤ ለታች ክፍል ልጆች የሚሆኑ የአማርኛ የተረት መጻሕፍትም ያንሱታል። ቤታቸው የተቀመጠ መጽሐፍ ያላቸው ወገኖች ለትምህርት ቤቱ ቢሰጡ ትልቅ እገዛ ይሆናል። የተማሪው ቁጥርም እየጨመረ ስለሆነ የሳምንቱን የተናጠል ንባብ ለማዳረስ መምህራኑ የዕረፍት ሰዓታቸውን ጭምር እየተጠቀሙ ነው። አስተዳደሩ በየክፍሉ ረዳት መምህር ቢመድብ ይህ መልካም ሥራ ሳይቋረጥ ሊቀጥል ይችላል።

ልጃችሁን ለማስመዝገብ የምታስቡ ወላጆች የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የቀድሞ ትምህርት ቤቱን ካርድ ይዛችሁ በክረምቱ መጀመሪያ ብትሄዱ ይሻላል፤ መስከረም ሲቃረብ ቦታ አይገኝም። ከመመዝገባችሁ በፊት ርእሰ መምህሯን አነጋግሩ፤ ትምህርት ባለበት ቀን ከሄዳችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ እንድታዩ ይፈቅዳሉ። ልጃችሁ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ከሆነ የሚያስቸግረውን ነገር ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ በማስታወሻው ደብተር ላይ ይጽፉታል፣ ሥራቸውንም ከዚያ ይጀምራሉ።

ለአንደኛ ክፍል መምህርታችን፣ ለአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር፣ ለስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህር፣ ለመሪጌታውና በየዓመቱ ሰኔ ላይ ስለ ልጆቻችን ለሚጽፉት መምህራን ሁሉ፦ እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈልልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።