አዘዞ ላይ የውኃ መሳቢያ ሞተሬን ካርቡሬተር ያስተካከለልኝ የጥገና ቤት

በመገጭ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የማጠጣበት አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ ጉልበት እያጣና ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) በጥላሸት እየሸፈነ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የወሰድኩት ሌላ ቦታ ነበር። እዚያ ያገኘሁት ሠራተኛ የካርቡሬተሩን፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ክፍል፣ የቤንዚን ቀዳዳ በሽቦ ጎርጉሮ «ጸድቷል» ብሎ መለሰልኝ፤ ሞተሩ ግን ከበፊቱ ብሶ ቤንዚን ይጨርስ ጀመር። ቡቃያው ውኃ በሚጠማበት ሳምንት ይህ መድረሱ በጣም አሳዝኖኛል። ጎንደር፣ አዘዞ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ወዳለችው ትንሽ የጥገና ቤት የሄድኩት በጎረቤቴ ጥቆማ ነው።

ባለሙያው ካርቡሬተሩን ፈትተው ዋናዋ የቤንዚን ቀዳዳ ያለችባትን የናስ ቪቴ አወጡና ከአንዲት አዲስ ጋር ጎን ለጎን ይዘው ወደ ብርሃን አነሡልኝ። የአዲሷ ቀዳዳ ድቡልቡል ናት፤ የኔዋ ግን በሽቦው ተፍቃ ወደ አንድ ጎን ሰፍታለች። አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ ቀዳዳ ይህን ሁሉ ጣጣ እንዴት እንዳመጣች ስጠይቃቸው ሥራቸውን ሳያቋርጡ አስረዱኝ። አየር የሚገባበት ቱቦ መካከሉ ላይ ስለሚጠብ፣ ፒስተኑ የሚስበው አየር እዚያ ሲደርስ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ከታች በጽዋው የተጠራቀመው ቤንዚን ደግሞ የውጭው አየር ስለሚጫነው በቀዳዳዋ ሽቅብ ተገፍቶ በአየሩ ውስጥ ይበተናል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋልና ቀዳዳዋ ጥቂት ከሰፋች ሚዛኑ ይፋለሳል። በዚያ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተለካች ቀዳዳ እዚህ ቤንዚን ታበዛለች። ስለዚህ የመረጡልኝ ከፋብሪካው ልክ በአንድ ደረጃ የጠበበች ናት።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ጥንቃቄያቸው ነው። ጽዋውን ከመግጠማቸው በፊት በቤንዚን መግቢያው በአፋቸው እየነፉ ጽዋው ውስጥ ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈውን ተንሳፋፊ በጣታቸው ከፍ ዝቅ አደረጉት፤ ከፍ ሲል ትንፋሹ ቀጥ አለ፣ ዝቅ ሲል አለፈ። ተንሳፋፊው ከፍ ሲል መግቢያውን የሚደፍነው መርፌ ባይዘጋ ኖሮ ጽዋው ሞልቶ ይፈስ ነበርና ይህን ሳያዩ አልገጠሙትም። የሚኒሞውን (ሞተሩ ያለ ሥራ በዝግታ ሲዞር ያለውን ፍጥነት) ቪቴ ያስተካከሉትም ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው።

ቅሬታዬ፣ ለሞተሬ የምትሆነው ቪቴ እጃቸው ላይ ስላልነበረች አራት ቀን መጠበቄና ደረሰኝ አለመስጠታቸው ነው፤ ማሳ ውኃ ለሚጠብቅ ሰው አራት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ጭሱ ጠፍቷል፤ ካንዴላውም ፈክቶ ቡናማ ሆኗል። ሞተሩን ወደ መተማ ቆላ ብወስደው ግን የጠበበችው ቀዳዳ ቤንዚን አሳንሳ ሞተሩን ከልክ በላይ እንደምታሞቅ አስጠንቅቀው፣ እዚያ የምገጥማት የፋብሪካው ልክ የሆነች ሌላ ቪቴ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጥተውኛል።